«ጎደሬው ጉሮሮ አሳከከ፣ አናናሱ አፍ አቃጠለ»፦ የማናውቀውን ፍራፍሬና አትክልት ቤት ውስጥ ስንጀምር

ጥያቄ፦ «ከደብረ ብርሃን ወደ ሐዋሳ ከመጣን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነው። የ6 እና የ3 ዓመት ወንዶች ልጆች አሉን፤ አማቴም ከእኛው ጋር ይኖራሉ። እዚህ ገበያ ላይ በአገራችን የማናውቀው ፍራፍሬና አትክልት ብዙ ነው። ልጆቼ ሁሉንም ለምደው እንዲያድጉ ብዬ በአንድ ቅዳሜ ጎደሬ፣ አናናስ፣ ብሮኮሊና ጊሽጣ ገዝቼ ገባሁ፤ ቀይ ሥርም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀቅዬ ሰጠኋቸው። ጎደሬውን እንደ ድንች ከትፌ ጠብሼ ባቀርበው ባለቤቴን ጉሮሮውን አሳከከው። ትንሹ ልጄ አናናሱን በልቶ አፌን አቃጠለኝ ብሎ አለቀሰ፤ በማግሥቱም ሽንቱ ቀልቶ ስናይ ደነገጥን። ብሮኮሊውን ሁለቱም አልነኩትም። አማቴ ‹ያላደግንበት ነገር ለሰውነታችን አይስማማም፣ ተዪው› ይሉኛል። ይህ ሁሉ አለርጂ ነው? ልተወው ወይስ ከጁስ ጋር እየደባለቅሁ ልስጣቸው? ከየትኛውስ ልጀምር?»

ምላሽ፦ በጻፉት ውስጥ አለርጂ ነው ለማለት የሚያበቃ ምልክት የለም። ጎደሬው በደንብ አልበሰለም፤ አናናሱ ያደረገው ማንኛውም ጥሬ አናናስ በብዙ ሰው አፍ ላይ የሚያደርገውን ነው፤ ቀይ ሥሩ ቀለሙን አሳልፏል፤ ብሮኮሊውም ሳይነካ የቀረው ልጆችዎ በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅባቸውን ስላደረጉ ነው። አራት የተለያዩ ምክንያቶች በአንድ ቅዳሜ ስለተደራረቡ አንድ በሽታ መሰሉ እንጂ በመካከላቸው ዝምድና የለም። ስለዚህ መተው አያስፈልግዎትም፤ አካሄዱን ግን ሙሉ በሙሉ መለወጥ ያስፈልግዎታል።

ከጎደሬው እንነሣ። የጎደሬ ሥርም ሆነ ቅጠል ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር በውስጡ ይዟል። ይህ ንጥረ ነገር የሚገኘው በአጉሊ መነጽር ካልሆነ በማይታዩ፣ ጫፋቸው እንደ መርፌ በሾለ ቅንጣቶች መልክ ነው። ጥሬው ወይም ግማሽ ጥሬው ሲታኘክ እነዚህ መርፌዎች የምላስንና የጉሮሮን ስስ ቆዳ ይወጋሉ፤ ባለቤትዎን ያሳከካቸውም ይኸው ነው። ስህተቱ የመጣው ጎደሬን እንደ ድንች በማየትዎ ነው። ድንች ተከትፎ በቀጥታ ዘይት ውስጥ ቢገባ ችግር የለውም፤ ጎደሬ ግን ውጪው ቀልቶ መዓዛው ሲጣራ እንኳ ውስጡ ጥሬ ሊሆን ይችላል። የሚያበቅሉት ሰዎች በመጀመሪያ ከነልጣጩ በብዙ ውሃ ይቀቅሉታል፤ ስንጥር ሲሰኩበት እስከ መሐሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ሲገባ ያወጡትና ልጣጩን በእጅ ይገፉታል። መጥበስ ከፈለጉ ከዚያ በኋላ ነው። ጥሬውን መላጥ ግድ ከሆነብዎ እጅዎን ዘይት ይቀቡ፤ አለበለዚያ ማሳከኩ ከጉሮሮ በፊት በጣትዎ መሐል ይጀምራል። የቀቀሉበትን ውሃ ይድፉት፣ ለወጥ አይጠቀሙበት። የኩላሊት ጠጠር ታሪክ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ ጎደሬ በደንብ ቢበስልም አልፎ አልፎ እንጂ የዘወትር ምግቡ ባይሆን ይሻላል፤ ብዙዎቹ ጠጠሮች የሚሠሩት ከዚሁ ኦክሳሌት ነው።

በሙያዬ «ይህ ፍሬ ምን ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ «ይህ እንዴት ይበስላል?» የሚለኝ ግን ከስንት አንድ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ያላደግንበት ምግብ ወደ ቤታችን የሚገባው ለብቻው ተነጥሎ፣ አሠራሩን ገበያ ትቶ ነው። በሰሜን የሚኖር ሰው ግብጦ ተቆልቶ፣ ለቀናት ውሃው እየተቀያየረ ካልተዘፈዘፈ እንደማይበላ ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረው ያውቃል፤ ግብጦን እንደ ሽምብራ ቆልቶ ወዲያው አፉ የሚጨምር እንግዳ ግን በምሬቱ ይቀጣል፣ ሲበዛም ይታመማል። በሐዋሳ ገበያ የእርስዎ ቦታ የዚያ እንግዳ ቦታ ነው። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ አትክልቱን ሲገዙ አሠራሩንም አብረው ይግዙ። ከወላይታ፣ ከጋሞ ወይም ከሲዳማ ገጠር ይዘው የመጡትን ሻጭ «እናንተ ቤት እንዴት ነው የምትሠሩት? ስንት ሰዓት ይፈላል? የማይበላው የቱ ጋ ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። በደስታ ይነግሩዎታል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከሚፈልጉት በላይ።

ይህ ጥያቄ ከጣዕም አልፎ የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበት አንድ ምግብ አለ፤ እርስዎ ገና አልገዙትም፣ ነገር ግን በዚህ አካባቢ መገናኘታችሁ ስለማይቀር ልናገር። ካሳቫ የሚባለው ሥር ጥሬው ሲቆረጥ ወይም ሲታኘክ ሳያናይድ የተባለ መርዝ የሚለቅ ውህድ አለው። መራራ የሚባለው ዝርያ ብዙ፣ ጣፋጭ የሚባለው ጥቂት ይይዛል፤ በዓይን ግን መለየት አይቻልም። ጥሬውን በፍጹም አይቅመሱ፣ ለልጅም አያስቀምሱ። ጣፋጩን ከሚያውቁት ሻጭ ከገዙ በወፍራሙ ይላጡት፤ ቆራርጠው በብዙ ውሃ፣ ክዳኑን ከፍተው ቢያንስ 25 ደቂቃ ያፍሉት፤ ውሃውን ይድፉ። መራራው በመቀቀል ብቻ አይድንም፤ መዘፍዘፍ ወይም መቦካት፣ ከዚያም በፀሐይ መድረቅ አለበት፣ ይህም ልምድ ያላቸው ሰዎች ሥራ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለካሳቫ ዱቄት ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ ግራም 10 ሚሊ ግራም ሳያናይድ ነው፤ ማን እንዳዘጋጀው የማይታወቅ ዱቄት ርካሽ ስለሆነ ብቻ ለእንጀራ መቀላቀያ መግዛት የለብዎትም። ለጀማሪ ቤተሰብ ካሳቫ የመጀመሪያው ዓመት ምግብ አይደለም ባይ ነኝ።

ወደ አናናሱ ስንመጣ፣ ፍሬው ብሮሜሌን የሚባል ፕሮቲን የሚሰባብር ኤንዛይም አለው። ሥጋ በአናናስ ሲታሽ የሚለሰልሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ኤንዛይም ከፍሬው አሲድ ጋር ሆኖ የምላስን ገጽ ለጊዜው ያቆስላል፤ በተለይ ፍሬው ጮርቃ ከሆነ፣ ወይም ልጁ ጠንካራውን የመሐል አንኳር ካኘከ፣ ወይም አንድ ሳሕን ሙሉ በአንድ ጊዜ ከበላ። የሦስት ዓመት ልጅ አፍ ከእኛ አፍ ይልቅ ስስ ነው። ከታችኛው ጫፉ ጥሩ መዓዛ የሚሰጠውን ይምረጡ፤ አንኳሩን አውጥተው ይጣሉ፤ ለትንሹ ሁለት ስስ ቁራጭ ብቻ ይስጡት። ሙቀት ኤንዛይሙን ስለሚያጠፋው መጥበሻ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያገላበጡት አናናስ እምብዛም አያቃጥልም፤ ልጆችም ከጥሬው ይልቅ ይወዱታል።

ማንጎ ደግሞ በሌላ መንገድ ያታልላል። ልጣጩና ከአንገቱ የሚፈሰው ሙጫ ቆዳን የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር አላቸው፤ ልጅ ማንጎውን ከነልጣጩ በጥርሱ ቀድዶ ሲመጠው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ በከንፈሩ ዙሪያ የሚያሳክክ ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል። በመዘግየቱ ምክንያት ወላጆች ሽፍታውን ከማንጎው ጋር አያያይዙትም፤ በዚያን ዕለት የበላውን ሌላ አዲስ ነገር ይከሱታል። መፍትሔው ማንጎውን አጥቦና ልጦ፣ ቆርጦ ማቅረብ ብቻ ነው። ጊሽጣው ነጭ ሥጋው ለልጅ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ጥቁሮቹ ፍሬዎች ግን ውስጣቸው መርዛማ ስለሆነ ሊሰበሩና ሊታኘኩ አይገባም፣ ለትንንሽ ልጆችም የማነቅ አደጋ አላቸው። ለሦስት ዓመቱ ልጅ ፍሬውን አንድ በአንድ በእጅዎ ለቅመው ካልጨረሱ አይስጡት። ዝኩኒ ወይም ዱባ ስትቀምሱት ከወትሮው የተለየ ኃይለኛ ምሬት ካለው፣ ማብሰል ምሬቱንም ሆነ ጉዳቱን ስለማያጠፋው ሳይሰስቱ ይጣሉት።

የቀይ ሥሩ ጉዳይ በአጭሩ ይለቅ። ከአሥር ሰው በአንዱ ገደማ የቀይ ሥር ቀለም ሳይፈርስ በሽንት ይወጣል፤ የብረት ማዕድን እጥረት ያለባቸው ላይ ደግሞ በብዛት ይታያል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠራል። ልጁ ቀይ ሥር ሳይበላ ሽንቱ ከቀላ ወይም ሲሸና ካመመው ግን ይህን ማብራሪያ ይተዉትና ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

እውነተኛው የምግብ አለርጂ የሚታወቀው በሌላ መልክ ነው። በአብዛኛው ከበሉ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በሰውነት ላይ እብጥ እብጥ ያለ ሽፍታ ይወጣል፣ ከንፈር ወይም የዓይን ቆብ ያብጣል፣ ደጋግሞ ያስመልሳል፤ ከባድ ሲሆን ድምፅ ይዘጋል፣ ትንፋሽ ያፍናል ወይም ራስ ያስታል። ትንፋሽ፣ ድምፅ ወይም ራስ መሳት ከታከለበት ወተት ማጠጣትም ሆነ «እስቲ ይረፍበት» ማለት የለም፤ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ወዲያውኑ መሄድ ነው፣ ያንንም ምግብ ሐኪም ሳያየው ቤት ውስጥ ዳግመኛ መሞከር አይገባም። የጎማ ጓንት ሲያደርግ እጁ የሚያብጥ ወይም የሚያሳክከው ሰው በአቮካዶ፣ በሙዝ፣ በፓፓያና በመሳሰሉትም ሊነካ እንደሚችል ማወቅ ጥሩ ነው። አሁን አንድ ነገር ያስተውሉ፦ ያን ቅዳሜ ከገዙት አንዱ በእርግጥ አለርጂ ቢያመጣ ኖሮ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይችሉም ነበር። አምስት አዲስ ነገር በአንድ ቀን ማቅረብ ከስህተቶችዎ ሁሉ ትልቁ ነው። አንድ አዲስ ምግብ፣ በቀን ብርሃን፣ በትንሹ፤ ቀጣዩ አዲስ ነገር ደግሞ ከሦስት ቀን በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይሁን።

አማትዎ «አይስማማንም» ሲሉ ከፊሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የማይስማማው ሰውነት ሳይሆን ልማድ ነው፣ ልማድ ደግሞ ይሠራል። ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ አዲስ ምግብን መፍራቱ የጠባይ ብልሹነት አይደለም። እግር ያወጣ፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ መክተት የሚችል ሕፃን የማያውቀውን ቅጠል ባይደፍር ከመርዝ ይጠበቃል። ምሬት ደግሞ በተፈጥሮ የማስጠንቀቂያ ጣዕም ነው፤ አንዳንዱ ሰው በውርስ ከሌላው ይልቅ የጎመንን ዘሮች ምሬት አብዝቶ ያጣጥማል። ይህ ፍርሃት የሚለቀው በመደጋገም ነው፦ ብዙ ልጆች አንድን አትክልት ከመቀበላቸው በፊት ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ያስፈልጋቸዋል። እርስዎ ከአንድ ጊዜ ሙከራ በኋላ ተስፋ ቆርጠዋል፤ አብዛኛው ወላጅም የሚያቆመው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ላይ ነው። መቅመስ ስል ሳሕን መጨረስ ማለቴ አይደለም። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ምላስ ላይ አርፋ ብትተፋም ተቆጥራለች። «ይህን ከበላህ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» የሚለው ውል ግን ይቅር፤ ልጁ ከዚያ የሚማረው አትክልቱ ቅጣት፣ ከረሜላው ደግሞ ካሣ መሆኑን ነው። ማስገደዱም እንዲሁ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

በጁስ መደባለቁንም የማልደግፈው በዚሁ ምክንያት ነው። በከተማችን ጁስ ቤቶች አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ የተደራረበበትን ስፕሪስ የማይወድ ልጅ የለም፤ ነገር ግን ብሮኮሊ በማንጎ ጁስ ተሸፍኖ የጠጣ ልጅ የሚለምደው ማንጎውን ነው። ብሮኮሊ ምን እንደሚመስል፣ እንዴት እንደሚታኘክ አላወቀም፤ አንድ ቀን ሲደርስብዎት ደግሞ ማንጎውንም መጠራጠር ይጀምራል። ከዚህ በተጨማሪ ብዙውን ጊዜ ስኳር ይታከልበታል፣ ሦስትና አራት ፍሬ በአንድ ብርጭቆ ስለሚያልቅም ሆድ ሳያውቀው ብዙ ስኳር ይገባል። ለቤተሰቡ ደስታ አልፎ አልፎ ስፕሪስ መጠጣት ምንም አይደለም፤ ማስለመጃ ዘዴ ግን አይደለም።

ከየትኛው ልጀምር ላሉት፣ በእኔ አስተያየት ውስጡ ብርቱካናማ ከሆነው ስኳር ድንች ይጀምሩ። ቱላና ኩልፎ በሚባሉ ዝርያዎች በዚሁ በደቡብ የሚመረት ነው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ልጅ አይሸሸውም፣ ሲቀቀል እንደ ጎደሬ ወጥመድ የለውም። ቀለሙን የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን በሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለወጣል። ይህ ንጥረ ነገር ያለ ቅባት በደንብ ስለማይወሰድ ቀቅለው ሲያቀርቡ ትንሽ ቅቤ፣ በጾም ከሆነ ዘይት ጠብ ያድርጉበት። ከዚያ ቀጥሎ ዝኩኒ ይምጣ፤ ልጆቹ በሚያውቁት የድንች አልጫ ውስጥ፣ ከድንቹ ጋር በአንድ መጠን ተከትፎ፣ ሳይደበቅ። የለመዱት እርድና ነጭ ሽንኩርት አዲሱን ነገር እጁን ይዞ ያስገባዋል። ብሮኮሊውን በሦስተኛው ወር ይመልሱት፤ የጎመንና የአበባ ጎመን ዘመድ መሆኑን አይርሱ፣ ባዕድ አይደለም። ከሦስት ወይም ከአራት ደቂቃ በላይ አይቀቅሉት፤ ሲበዛበት ድኝ ያለባቸው ውህዶች ይለቀቁና ቤቱን ያሸታል፣ ልጆችዎም ምናልባት የሸሹት ሽታውን ነው። ዋጋው ከከበደዎትም ያለ ጸጸት ይተዉት፤ የሀበሻ ጎመን በጥቅም ከእርሱ የሚያንስ አይደለም። ብሮኮሊ ፎቶ ላይ ስለሚያምር ብቻ ከጎመን በላይ መከበሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

መጠኑን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 250 ግራም፣ ከ6 እስከ 9 ዓመት ላሉት 350 ግራም፣ ከዚያ በላይ ላለ ሰው ሁሉ 400 ግራም ፍራፍሬና አትክልት ይመክራል። ጎደሬ፣ ካሳቫ፣ ድንችና ስኳር ድንች በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ ቦታቸው ከእንጀራና ከዳቦ ጎን ነው። ስለዚህ ጎደሬ በገዙበት ቀን የእንጀራውን መጠን ይቀንሱ እንጂ የጎመኑን አይቀንሱ። ቁጥሩን ለመሙላት ደግሞ አዲስ ነገር ግዴታ አይደለም፤ ልጆችዎ የሚያውቁት ካሮት፣ ጎመንና ሙዝም ይቆጠራል።

ጥሬ የሚበላውን አትክልት በዱቄትም ሆነ በፈሳሽ ሳሙና አይጠቡ፤ ሳሙናው በቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቅጠል በቅጠል እያሹ ማጠብ ዋናው ነው። አቼቶ ጀርሞችን ይቀንሳል፣ የወስፋትን እንቁላል ግን አይገድልም፤ ስለዚህ አቼቶ ውስጥ ነክረው ሳያሹ ካወጡት አልታጠበም። የሚላጠውንም ፍሬ ከመላጥ በፊት ይጠቡት፤ ቢላዋው የልጣጩን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞ ይገባልና። ለትንሹ ልጅ ጥሬ ካሮት በቁራጭ፣ የወይን ፍሬም ሳይሰነጠቅ በድፍኑ አይስጡት።

ስለ አማትዎ ጤና አልጻፉልኝም፤ ነገር ግን ገበታው የጋራ ስለሆነ መጠየቅ አለብዎት። የልብ በሽታ ኖሮባቸው ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስዱ ከሆነ፣ ጎመንን፣ ብሮኮሊንና ሌሎች አረንጓዴ ቅጠሎችን በድንገት አብዝተው መብላት የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል፤ በየሳምንቱ ተመሳሳይ መጠን መብላትና ለውጥ ሲኖር ለሐኪማቸው መንገር ያስፈልጋል። ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ ሙዝ፣ አቮካዶና ሌሎች ፖታሲየም የሚበዛባቸው በሐኪም ምክር ይወሰናሉ። ለአንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ደግሞ ግሬፕ ፍሩት መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከሚገባው በላይ እንዲከማች ስለሚያደርግ አብሮ አይወሰድም፤ ጣፋጩ ብርቱካንና መንደሪን ይህ ችግር የለባቸውም። ስኳር ካለባቸውም ፍሬውን ራሱን በልክ ይብሉ፣ ጁሱን ይተዉ።

ከዚያ ቅዳሜ የተረፈ ጎደሬ ካለ አይጣሉት። ከነልጣጩ አንድ ሰዓት ያህል ቀቅለው በስንጥር ይፈትሹት፤ ልጠው በሚጥሚጣ ወይም በአዋዜ ለባለቤትዎ ያቅርቡ። ከመጀመሪያው ጉርሻ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ጉሮሯቸው ካላሳከከ ይቀጥሉ፤ በጥቂቱም ቢሆን ካሳከካቸው ወደ ድስቱ ይመልሱት፣ ገና አልበሰለም።